ጠላ የማይቀዳበት ማኅበር



መጠጥ ለመተው የቆረጠ ሰው ወዴት ይሂድ? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ብዙዎቻችን «ወደ ቤቱ ይግባ፣ ይጸልይ፣ ልብ ይግዛ» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ ባሉ ቀበሌዎች ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝባቸውን ስፍራዎች እስቲ አንድ በአንድ እንቁጠር። በየወሩ በ7 የሥላሴ፣ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ29 የበዓለ እግዚአብሔር ማኅበር አለ። ሰንበቴ አለ። ሠርግ አለ፤ ክርስትና አለ፤ ተዝካር አለ። የሩዝ አረም ሲደርስ ደቦ አለ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ጠላ የማይቀዳበት፣ አረቄ የማይዞርበት ስንቱ ነው?

እንግዲህ ይህ ሰው መጠጥ ሲተው የሚተወው መጠጡን ብቻ አይደለም፤ ሰውንም ይተዋል። ማኅበርተኛው «ምን አስቀየምንህ?» ይለዋል። የደቦው ባለቤት «ጠላዬን ናቅህብኝ» ይለዋል። የልብ ወዳጁ «አንድ መለኪያ ምን ይጎዳሃል?» ይለዋል። ከሰው ቢርቅ ብቸኝነቱ ያሸንፈዋል፤ ከሰው ቢቀላቀል ጽዋው ያሸንፈዋል። በዚህ መካከል የቆመውን ሰው አስቡት።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው። ከስካር መውጣት የአንድ ሰው የግል ተጋድሎ ብቻ ነውን? ወይስ ለብቻ የማይወጡት፣ ማኅበር የሚያስፈልገው፣ ከዚህም የተነሣ የማንጠጣውን እኛንም የሚጠይቅ ሥራ ነው?

የመጠጡ ነገር

አስቀድመን ስለ ምን እንደምንነጋገር እንወቅ። ጠላ በጌሾና በብቅል ተጠንስሶ የሚጠመቅ ነው፤ የአልኮል መጠኑ እንደ አጠማመቁ ከ2 እስከ 8 በመቶ ይደርሳል። ዳግም አረቄ ግን 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ትንሿ መለኪያ በዓይን ስትታይ የምትናቅ ብትሆንም በሥራዋ የምትናቅ አይደለችም።

በፎገራ ሜዳ ደግሞ የራሱ የሆነ ነገር አለ። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ከተጀመረ ወዲህ ሜዳው ተለውጧል። ርብና ጉማራ እየሞሉ ውኃ ይተኛበት የነበረው ረግረግ እህል አበቀለ፤ ገበሬውም ገንዘብ አየ። ይህ በረከት ነው። ነገር ግን ሩዙ ለእንጀራና ለዳቦ ብቻ አልዋለም፤ ለጠላና ለአረቄም ውሏል። በአረምና በአጨዳ ወራት ከየአካባቢው የቀን ሠራተኛ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ከቤተሰቡ የራቀ፣ ማታ ገንዘብ በእጁ የያዘ፣ በከተማውም የሚያውቀው ሰው የሌለው ወጣት ከእነርሱ መካከል ብዙ ነው። ሲመሽ በሩን ከፍቶ «ግባ» የሚለው ቤት የትኛው እንደ ሆነ መናገር አያስፈልገንም።

እኛ ጠላ ጠምቆ እንግዳ መቀበል ኃጢአት ነው አንልም፤ የቃና ዘገሊላን በዓል የምናከብር ነንና። በአንድ ዋንጫ ረክቶ የሚነሣ ሰው አለ። አንዱ ዋንጫ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውም ሌሊቱን ሁሉ የሚጠራበት ሰው ደግሞ አለ። ንግግራችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰው ነው።

ይህስ ኃጢአት ነው ወይስ በሽታ? ክርክሩ የቆየ ነው። «በሽታ ነው» ሲባል አንዳንዶች «እንግዲያስ ሰውየው ተጠያቂ አይደለም ማለት ነው» ብለው ይቆጣሉ። «ኃጢአት ነው» ሲባል ደግሞ ሌሎች «እንግዲያስ ይገሠጽ እንጂ አይታገዝ» ወደሚል ይወድቃሉ። ሁለቱም አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ የያዘውን ሰው እንመልከት። በሽታውን አልመረጠውም፤ መድኃኒቱን በየዕለቱ መዋጥና ሲያስል አፉን መሸፈን ግን የእርሱ ግዴታ ነው። ከእርሱም ጋር መድኃኒቱ ወዳለበት መንገድ ማሳየት የጎረቤቱ ግዴታ ነው። የመጠጥ እስረኛም እንዲሁ ነው። መውጫውን መፈለግ የእርሱ ፋንታ ነው፤ በር መክፈት ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው። አንዱ ግዴታ ሌላውን አይሽረውም።

የ55ቱ ቀን ምስክርነት

«ፈቃድ ካለው መተው ይችላል፤ የማይተወው ፈቃድ ስለሌለው ነው» የሚል አነጋገር በየቤቱ ይሰማል። ለዚህ አነጋገር መልስ የሚሆን ምስክር ከራሳችን ኑሮ እናገኛለን።

በዐቢይ ጾም መጠጥ የሚተዉ ብዙ ሰዎች በየሰፈራችን አሉ። በሌላው ጊዜ ሳይጠጡ የማይውሉ ሆነው ሳለ 55 ቀን ይጾማሉ፤ ያስቀድሳሉ፤ ይሰግዳሉ። ቤታቸው ሰላም ያገኛል። በፋሲካ ማግሥት ግን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። እንግዲህ እንጠይቅ። 55 ቀን የቻለው ፈቃድ በ56ኛው ቀን ወዴት ሄደ?

ፈቃዱ የትም አልሄደም። የሄደው ባልንጀራ ነው። በጾሙ ወራት ያ ሰው ብቻውን አልነበረም፤ ሰፈሩ በሙሉ አብሮት ጾሟል። «ጠጣ» የሚለው አልነበረም። «ለምን አትጠጣም?» ብሎ የጠየቀውም የለም፤ ምክንያቱ ለሁሉ የታወቀ ነውና። ሰዓቱን የሚሞላለት ቅዳሴ ነበረው። በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ግን ሌላው ሁሉ ጾሙን ፈታ፤ እርሱ ግን ሊፈታው የማይገባው ጾም አለበት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ብቻውን ጿሚ ሆነ። ብቻውን የሚጾም ሰው ደግሞ ብዙ አይቆይም።

በጠበል ስፍራም የምናየው ይኸው ነው። ሱባዔ የገባ ሰው ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር ውሎ ያድራል፤ ከእነርሱ ጋር ይጠመቃል፤ ከእነርሱ ጋር ቆሎውን ይቆረጥማል። እዚያ ሳለ ይበረታል። ወደ ቀድሞ ሰፈሩ ብቻውን ሲመለስ ግን ብርታቱ ይፈተናል። ይህን አይተን የጠበሉን ኃይል የምንጠራጠር አይደለንም። የምንለው፣ ከጠበሉ የተመለሰውን ሰው የሚቀበል ስፍራ በሰፈሩ አላዘጋጀንለትም ነው።

ገበሬ ወይፈን ሲገራ ብቻውን አይጠምደውም፤ ከለመደ በሬ ጋር ያቀናጀዋል እንጂ። ወይፈኑ ጉልበት ስለጎደለው አይደለም፤ ጉልበቱ መስመር እንዲይዝ ነው። ፈቃድም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰካራሞች ፈቃድ አላቸው፤ አብሮ የሚጠመድ ግን አጥተዋል።

በአክሮን ከተማ የተጀመረው

ይህን ነገር በሌላው ዓለም ያስተዋሉት ራሳቸው ጠጪዎች የነበሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ለንግድ ጉዳይ በአሜሪካ ኦሃዮ ወደምትገኘው አክሮን ከተማ ሄደ። መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። የሄደበት ጉዳይ አልሳካ አለው፤ በማያውቀው ከተማ ብቻውን ቀረ፤ የመጠጥ አምሮትም ተነሣበት። በዚያን ጊዜ የፈለገው ሐኪም ወይም መካሪ አልነበረም። እንደ እርሱ በመጠጥ የተያዘ ሰው ፈለገ። በቤተ ክርስቲያን ሰዎች አማካይነት ቦብ ስሚዝ ከተባለ ቀዶ ሐኪም ጋር ተገናኘ፤ ይህም ሐኪም በመጠጥ ብዛት ሥራውን ሊያጣ የደረሰ ነበር። ሁለቱ ለብዙ ሰዓት ተነጋገሩ። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ቀን ሰኔ 10 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. የማኅበራቸው ልደት ሆኖ ይታሰባል። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በእኛ አነጋገር ስማቸውን የማይገልጡ ጠጪዎች ማኅበር፣ የተባለው ይህ ነው። ዛሬ በ180 ያህል አገሮች ይገኛል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እናስተውል። ቢል ወደ ቦብ የሄደው ቦብን ለማዳን አልነበረም፤ ራሱ እንዳይወድቅ ነበር። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሰጪና ለማኝ፣ ጻድቅና ኃጥእ አልነበረም። ሁለቱም ተቸግረው ተገናኙ፤ ሁለቱም ታግዘው ተለያዩ። እኛ ብዙ ጊዜ ሰካራምን ስንመክር ከፍ ካለ ስፍራ ቆመን ነው፤ እርሱም ይህን ያውቃል። የእነዚህ ሰዎች ማኅበር ግን ሁሉም እኩል በአንድ ወንበር የሚቀመጥበት ነው።

ሥርዓታቸውም ቀላል ነው። አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መጠጥ ለመተው መፈለግ። የግዴታ መዋጮ የለም። ስም በአደባባይ አይነገርም። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል እንጂ አያቋርጠውም፤ አይፈርድበትምም። «ለዘላለም አልጠጣም» ብሎ ከመማል ይልቅ «ዛሬ አልጠጣም» ማለትን ይመርጣሉ። የወደቀ ሰው ቢመለስ በሩ አይዘጋበትም።

ከእነርሱ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1840 በባልቲሞር ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት የተቀመጡ 6 ጠጪዎች መጠጥ ለመተው ተማምለው ዋሽንግተናውያን የተባለ ማኅበር መሥርተው ነበር። በጥቂት ዓመታት እጅግ ብዙ ሰው ተከተላቸው። ነገር ግን ማኅበራቸው በልዩ ልዩ የአደባባይ ክርክሮች ውስጥ ገባና ተበታተነ። ለጠጪ የተከፈተ ስፍራ ለሌላ ዓላማ መጠቀሚያ ሲሆን እንደሚፈርስ ከዚህ እንማራለን።

በክሮኤሺያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ቭላዲሚር ሁዶሊን የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በዛግሬብ ከተማ ጠጪዎች ከነቤተሰባቸው የሚሰበሰቡባቸውን ክበቦች አቋቋሙ። መጠጥ የሚያውከው ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ቤቱን በሙሉ ስለሆነ ባልና ሚስት አብረው ይመጡ ነበር።

ይህ ሁሉ በእርግጥ ይጠቅማልን? በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ሰዎችን የሚመለከት የኮክሬን ግምገማ መልስ ሰጥቷል። ሰዎችን ወደ እነዚህ ጉባኤዎች የሚመሩ ሥርዓት የያዙ ሕክምናዎች ከመጠጥ ፈጽሞ ርቆ ለመቆየት ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ገልጧል። እንግዲህ ነገሩ የደግ ሰዎች ምኞት ብቻ አይደለም።

በአገራችንስ?

አንዳንዱ ሰው «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ የእኛ ሰው ገመናውን በሰው ፊት አይናገርም» ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያለው የራሳችን ሰው ነው።

የቅርብ ምሳሌ አለን። የኤች አይ ቪ በሽታ እጅግ በሚያስፈራበትና የያዘው ሰው ከጎረቤት በሚገለልበት ዘመን፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ኢትዮጵያውያን በ1989 ዓ.ም. መቅድምን፣ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ የተስፋ ጎሕን መሠረቱ። ተሰበሰቡ፤ ችግራቸውን ተነጋገሩ፤ አንዱ ሌላውን አስታመመ። ከጠጪነት ይልቅ ያን ጊዜ ያ በሽታ የበለጠ ያሳፍር ነበር። ሆኖም የሰው አንደበት ተከፈተ። ሐኪም ያልቻለውን ተስፋ አንድ ዓይነት መከራ ያለው ባልንጀራ ሰጠ። ስለዚህ የእኛ ሰው አይናገርም የሚለው አሳብ እውነት አይደለም። የሚሰማው ሲያገኝ ይናገራል።

ከዚህም የሚቀርብ አለ። በዚያው በፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ይኖራል። በአምልኮ ከእኛ ጋር አንድ አይደሉም፤ ይህ ይታወቃል። ነገር ግን አልኮል አይጠጡም፤ ሸማቸውን እየሠሩ፣ ሽማግሌዎቻቸውን እየጦሩ ይኖራሉ። እዚያ የሚያድግ ልጅ መጠጥን እምቢ ለማለት ጀግና መሆን አያስፈልገውም፤ የሚያቀርብለት የለምና። በወረታ ከተማ የሚኖሩ እስላም ጎረቤቶቻችንም ሠርጋቸውን ያለ ጠላ ሲያደምቁ እናያለን። እንግዲህ በዚህ ሜዳ ሰው ያለ መጠጥ መሰብሰብ አይችልም ማለት አንችልም፤ ሲሰበሰብ እያየን ነውና።

የመንግሥት ሕግም በበኩሉ አንዳንድ ነገር አድርጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮል በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ ከመግባት ሊከለክል ይችል ይሆናል እንጂ የገባውን ሰው እጁን ይዞ አያወጣውም።

እንዴት ይገኛል? ምንስ ይደረግበታል?

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። መጠጥ መተው የሚፈልግ ሰው፣ ወይም እንዲህ ያለ ወንድም ያለው ቤተሰብ፣ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ይህን በጥብቅ እንናገራለን። ለብዙ ዘመን በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ ሰውነቱ ሊታወክ ይችላል። ከመጨረሻው መጠጥ 6 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ጭንቀት ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት የሚጥል ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አእምሮው ሊታወክና የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ይህ ለሞት የሚያደርስ ነው፤ መድኃኒት ግን አለው። ይህን ያየ ቤተሰብ «ሰይጣን ነው» ብሎ አስሮ ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሰው፤ ጸሎቱም ጠበሉም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል። ከወረታ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳርም 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሁለቱም ከተሞች ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ አገልግሏል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያትም መንገዱ እየተዘጋ ሕመምተኛ የተቸገረበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ የሚደግፈው ጉባኤ በራሱ ከተማ፣ በእግሩ ሊደርስበት በሚችል ስፍራ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ይፈለግ። ጉባኤ የሚጀመረው በመቶ ሰው አይደለም፤ አክሮን ላይ የተጀመረው በሁለት ነው። በየሰፈሩ ከመጠጥ የወጣ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት የቆየ ሰው አይታጣም። እርሱን የነፍስ አባቱ ያውቀዋል፤ የጤና ጣቢያው ነርስ ታውቀዋለች፤ ሚስቱ ታውቀዋለች። «አንድ የሚቸገር ወንድም አለ፤ ታነጋግረዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ምሥጢሩን ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም አያውጣው።

ሦስተኛ፣ ቀንና ስፍራ ይቆረጥ። ቀኑ መጠጥ የሚከብድበት ቀን ቢሆን ይሻላል፤ ለምሳሌ የገበያ ቀን ማታ ወይም የበዓል ማግሥት። ስፍራው ከመጠጥ ቤት የራቀ አንድ ክፍል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና የቡና ጀበና ይበቃዋል። አንድ ሰዓት ይበቃል። ሲጀመርና ሲያልቅ በሰዓቱ ይሁን፤ ኑሮው የተዘበራረቀበት ሰው የሚይዘው ቋሚ ነገር ይፈልጋልና።

መጀመሪያ የሚሄድ ሰው የሚፈራው እንዲናገር መገደድን ነው። አይገደድም። ዝም ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ሊወጣ ይችላል። ሌላው ሲናገር ግን የራሱን ታሪክ ከሰው አፍ ይሰማል። የልጁን የደብተር ገንዘብ የጠጣ፣ በሬውን ሸጦ የጠጣ፣ በእናቱ ተዝካር ሰክሮ የወደቀ እርሱ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ኃፍረት ሰውን የሚይዘው «እንደ እኔ ያለ የለም» በሚል ውሸት ነው። ውሸቱ የሚፈርሰው በምክር ሳይሆን እንደዚህ ባለ ምስክርነት ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«ኃጢአቱን ለካህን ይናዘዝ እንጂ ለምን ለሰው ይናገራል?» ለሚለው መልሳችን አጭር ነው። ጉባኤው ንስሐን አይተካም። የነፍስ አባት ይፈታል፤ ቀኖና ይሰጣል። በየማታው 12 ሰዓት ላይ ከሥራ ሲወጣ በአረቄው ቤት በር እስኪያልፍ ድረስ አብሮ የሚሄድ ግን ባልንጀራ ነው። ሽባውን ሰው በጣራ አውርደው ወደ ጌታ ያቀረቡት 4 ሰዎች ፈዋሾች አልነበሩም፤ ተሸካሚዎች ነበሩ። ሆኖም ያለ እነርሱ አልደረሰም።

«ወረታ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁሉ ሰው ይተዋወቃል፤ ምሥጢር ከየት ይመጣል?» የሚለው ግን ከባድ ጥያቄ ነው። በትልቅ ከተማ ሰው የሚሰወረው ባለመታወቅ ነው። በትንሽ ከተማ ግን ባለመታወቅ መሰወር አይቻልም፤ ሰውየው ወደዚያ በር ሲገባ ይታያል። እንግዲህ ምሥጢሩ የሚጠበቀው በዓይን አይደለም፤ በአንደበት ነው። ደግሞም ሰካራምነቱን አገር ያውቀዋል፤ በመንገድ ሲወድቅ ያየው ሁሉ ያውቀዋል። የማይታወቀው ለመተው መፈለጉ ነው። ሰው ሲወድቅ መታየቱን ሳያፍርበት፣ ሲነሣ መታየቱ የሚያሳፍረው ከሆነ፣ ጉድለቱ የእርሱ ሳይሆን የሚያዩት የእኛ ነው።

«አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድገው እናትስ?» የሚል ጥያቄም አለ። እርስዋን ጠላት ማድረግ አይገባም። ብዙዋ ባሏ የሞተባት፣ መሬት የሌላት፣ በጢስ ዓይኗ የተጎዳ ናት። ጉባኤው ስለ ሻጯ አይነጋገርም፤ ስለ ራሱ ነው እንጂ። ከእርስዋም መካከል እየቀመሰች የተያዘች እንዳለች አንርሳ። የሴት ጠጪ ኃፍረት የወንዱ እጥፍ ነው፤ ቤት ዘግታ ትጠጣለች፤ ማንም አይጠይቃትም። ለእርስዋ ከእኅቶች ጋር ብቻ የምትቀመጥበት ሰዓት ያስፈልጋታል።

የእኛ ድርሻ

እንግዲህ እኛ የማንጠጣ ወጣቶች ምን እናድርግ? እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልገናል። ልባችን የሚቸኩለው ለመስበክ ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው በዚያ እሳት ያለፈ ሰው ነው። እኛ አላለፍንበትም፤ ስለዚህ በዚያ ቤት መምህር መሆን አይገባንም። የእኛ ፋንታ በሩን መክፈት፣ ወንበሩን መደርደር፣ ቡናውን ማፍላት፣ ከዚያም መውጣት ነው። ሠርቶ መውጣት ከማስተማር ይልቅ ይከብዳል፤ ምስጋና የለውምና።

ሌላም የሚቻለን አለ። በየቤታችን ማኅበር ሲወጣ ከጠላው ጎን ብርዝ፣ ቀሪቦ ወይም ሻይ ይቅረብ፤ የማይጠጣውም «ለምን?» ሳይባል ይቀዳለት። ለደቦ የሚጠራ ሰው ምሳውን አሳምሮ ጠላውን ቢያሳንስ አይናቅ። «አንድ መለኪያ ምን ይጎዳሃል?» የሚለው ቃል ከአፋችን ይጥፋ፤ ለእኛ ጨዋታ የሆነው ቃል ለእርሱ ጉድጓድ ነውና። ሠራተኛ የሚቀጥር ቤተሰብ ያለን ደግሞ ደመወዙን በአረቄ አንከፍል፤ ማታም የሚያርፍበት ንጹሕ ስፍራ እናሳየው።

ከሁሉም በላይ፣ ስለ ወደቀው ሰው የምንፈርደውን ፍርድ እንመርምር። 7 ወር ታግሦ አንድ ቀን የጠጣውን ሰው «ድሮም አይተውም ብዬ ነበር» እንለዋለን። 7 ወሩን አንቆጥርለትም። ይህን ፍርድ ፈርቶ ሳይመለስ የሚቀር ስንቱ ነው? የወደቀ ሰው ተነሥቶ ሊመለስበት የሚችል አንድ በር በከተማው ካለ ውድቀቱ የአንድ ቀን ነገር ይሆናል። በር ከሌለ ግን ውድቀቱ ኑሮው ይሆናል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። መጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ከስካር መውጣት የሰውየው የራሱ ተጋድሎ ነው፤ ስለ እርሱ ሆኖ ማንም ሊታገልለት አይችልም። ነገር ግን ብቻውን እንዲታገል ከተተወ ዕዳው የእኛም ነው። ማኅበር መመሥረት አባቶቻችን አስተምረውናል፤ ቀን መቁረጥ፣ ተራ መግባት፣ የታመመ መጠየቅ፣ የቀረውን መፈለግ ሁሉ በእጃችን ያለ ነገር ነው። የቀረን አንድ ማኅበር መጨመር ነው፤ እርሱም ጠላ የማይቀዳበት።

በሚመጣው እሑድ ከትምህርት በኋላ ስንቀመጥ በዚህ እንድንነጋገር እናሳስባለን። ክፍሉን ማን ይሰጠን? ከነፍስ አባቶችና ከጤና ጣቢያው ጋር የሚነጋገር ማን ይሁን? ጀበናውንስ ማን ያመጣል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከመለስን የመጀመሪያው ሰው የሚገባበት በር ይኖራል።